ለእህቴ እጅ የሞረድኳት አጥንት

የጊታር ክር ከአንገቷ ምን ያህል ከፍ ይበል የሚለው ነገር ሰውን እንቅልፍ የሚነሳ ጉዳይ አይመስልም። እኔን ግን አንድ ክረምት ሙሉ አላስቀምጥ ብሎኛል። ክሩ ከፍ ካለ ድምፁ ይጠራል፤ ለመጫን ግን ጉልበት ይፈልጋል፣ የጣትን ጫፍ ያቆስላል። ዝቅ ካለ ጣት ያርፋል፤ ክሩ ግን አንገቷ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ጋር እየተጋጨ ዝዝ ይላል። የሚመቸው ከፍታ በሁለቱ መካከል የሆነ ቦታ አለ። ለራሱ እጅ የሚፈልገው ሰው ሞክሮ ሞክሮ ያገኘዋል። እኔ የምፈልገው ለእህቴ እጅ ነበር፤ እህቴ ደግሞ ምንም አትናገርም።

ነጻነት ከመጣ ገና ብዙ አልቆየም። የምንኖረው አስመራ፣ ዓባ ሻውል የሚባል ሰፈር ነበር፣ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ጎኑን ማዞር ባለበት ቀጭን መንገድ ላይ። ቤት ውስጥ እናቴና እኔ ብቻ ነን። አባቴ ወሎዬ ነበር፤ ቃኘው ጦር ሰፈር ውስጥ አሜሪካኖቹ በነበሩበት ዘመን ወጥ ቤት ሠርቷል፣ ያረፈው ደግሞ ጦርነቱ ሳያልቅ ነው። እናቴ የአስመራ ልጅ ናት፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ቤታችን ውስጥ አንዱ ወሬ በአማርኛ ይጀመርና በትግርኛ ያልቃል። አሜሪካኖቹ ጠቅልለው ሲሄዱ አንዱ ወታደር ጊታሩን ለአባቴ ትቶለት ሄደ። አባቴ እንኳን ጊታር ፉጨትም አይሆንለት ነበርና ለታላቅ እህቴ ሰጣት። እሷ ራሷን በራሷ አስተማረች፣ ቀጥላ እኔን አስተማረችኝ፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ብላ ወጥታ በዚያው ወደ ትግል ሜዳ ሄደች።

ጊታሯ እኔ ጋ ቀረች። ቀን ቀን አንድ ጋራዥ ውስጥ የማኪና ቀለም እየቀባሁ፣ በሠርግ ወራት ደግሞ ከዳስ ዳስ እየዞርኩ ስጫወት ያደግሁት በእሷ ነው። ብዙ ሰው የእኔ ትመስለው ነበር። እኔ ግን አንድም ቀን የእኔ ናት ብዬ አላውቅም። አንገቷ ላይ የእህቴ ጥፍር የተወው ጭረት አለ፤ ስጫወት ሁልጊዜ ጣቴ እዚያ ላይ ይሄዳል።

እህቴ ተመለሰች። ሸዳዋን፣ የታጋዮቹን የላስቲክ ጫማ አድርጋ፣ ከስታ፣ ጠቁራ፣ በሕይወት ተመለሰች። እናቴ ፊቷን በእጇ እየዳበሰች አልጠግብ አለች። ትንሽ ቆይተን ነው ግራ እጇን ያየነው። ክንዷን ፍንጣሪ መትቷታል። ጣቶቿ ይንቀሳቀሳሉ፤ አንድ በአንድ ታነሳቸዋለች፣ አንድ በአንድ ታስቀምጣቸዋለች። ጉልበት የሚባል ግን የላቸውም። የሻሂ ብርጭቆ በግራ እጇ አታነሳም ነበር። ታጋዮቹ ገና በየጦር ሰፈሩ ነበሩና እሷም የደረሳት ቃኘው ሆነ፤ አባታችን ድንች ሲልጥ የኖረበት ግቢ ውስጥ ታድራለች፣ እሁድ እሁድ ቤት ትመጣለች።

በዚያን ጊዜ ታጋይ አይጠየቅም። ማንም ያወጣው ሕግ አልነበረም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ማን እንደተሰዋ ገና በይፋ አልተነገረም። ልጁ ያልመጣለት ሁሉ ነገ ይመጣል ብሎ በር በሩን ያያል። ታጋዮቹ የሚያውቁትን ያውቃሉ፤ እስኪነገር ድረስ ግን አፋቸውን ይዘዋል። እህቴ እሁድ ስትመጣ የሰፈሩ እናቶች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ጤናዋን ይጠይቃሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ በመሃል የልጃቸውን ስም ጣል አድርገው ፊት ፊቷን ያያሉ። እሷ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ሁሉም በየጦር ክፍሉ ነው ትላቸዋለች። እነሱ ከወጡ በኋላ ግን መቀመጥ ያቅታታል። ትነሳለች፣ ግቢውን ትዞራለች፣ ተመልሳ ትገባለች፣ ደግሞ ትወጣለች። ይህን አይተን እናቴና እኔ ምንም ላለመጠየቅ ሳንነጋገር ተስማማን። የት እንደነበረች፣ ከማን ጋር እንደነበረች፣ ምን ትሠራ እንደነበር፣ ሌላው ቀርቶ ክንዷን የት እንደተመታች አልጠየቅናትም። ደግ ነገር ያደረግን መስሎን ነበር።

ሐምሌ ላይ አንድ አብሮ አደጌ ከአዲስ አበባ እናቱን ሊጠይቅ መጣ። አንድ ሆቴል ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል። ጊታር የሚመታው ልጅ ሊለቅ ስለሆነ ቦታውን ያዘው አለኝ። ከመስቀል በፊት መድረስ አለብኝ፣ ጊታር ይዤ። ከዘገየሁ ሌላ ሰው ይገባበታል።

እውነቱን ለመናገር ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ከተማው ሁሉ ሰው ሲቀበል፣ የተበተነው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሰበሰብ፣ እኔን እግሬን ይበላኝ ነበር። ጋራዡ ሰለቸኝ፤ ማታ ማታ በዋናው መንገድ ከወዲህ ወዲያ እየተመላለሱ ያንኑ ሰው ደጋግሞ ሰላም ማለት ሰለቸኝ። ግን ጊታሯ የእህቴ ናት። መጫወት ከቻለች ከእጇ ነጥቄ ልሄድ አልችልም። ካልቻለች ደግሞ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ብትቀር ለማን ትጠቅማለች? አንድ እሁድ ጨክኜ ነገርኳት። መስኮቱን እያየች፣ ውሰዳት፣ እኔ ምን አደርግባታለሁ አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲጀምር ተነስታ ወደ በሩ ስትሄድ፣ ግድግዳው አጠገብ ስትደርስ፣ በቀኝ ጣቷ አንዱን ክር ነካ አድርጋ አለፈች። ድምፁ እስኪሞት ድረስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች።

ያቺ ነገር ሰላሜን ነሳችኝ። የማትፈልገው ሰው እንደዚያ አይነካም። ፈርታ ነው አልኩ፤ እጇ እምቢ እንዳይላት ፈርታ ነው። እንግዲያው ክሩን ዝቅ ባደርገው፣ ገና ሲነኩት የሚወርድ ባደርገው፣ ጣቶቿ ይችሉታል። ከቻለች ጊታሯን ትቼላት እሄዳለሁ፣ ለራሴ እዚያው መላ እፈልጋለሁ። ካልቻለች ደግሞ ሞክረን ነበር ብዬ ይዣት እሄዳለሁ። ከመሄዴ በፊት ግን ቁርጡን ማወቅ ነበረብኝ።

የጊታሯ ክሮች ከታች በኩል የሚያርፉት አንዲት ቀጭን አጥንት ላይ ነው። ከፍታው የሚወሰነው በዋናነት በእሷ ነው። ዋናዋን አጥንት ማበላሸት ስላልፈለግሁ ከሥጋ ቤት የበሬ ቅልጥም ለምኜ አመጣሁ። ቅባቱ እንዲለቅ መቀቀል ነበረበት። ችኩል ስለሆንኩ ቀኑን አላሰብኩም፤ ለካ ፍልሰታ ገብቷል። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቤቱ ሥጋ ሥጋ ይሸታል፣ በእሷ ድስት ውስጥ ቅልጥም ይንተከተካል። ሰፈሩ ምን ይለኛል ብላ ጮኸችብኝ። አጥንት ነው፣ አይበላም ብላት አልሰማ አለችኝ። ድስቱን በአመድ ፈትጋ ፈትጋ፣ ጾሙ እስኪያልቅ ውጭ ደፍታ አስቀመጠችው። አጥንቱ ለምን እንደሆነ ስነግራት ግን ደረቅ ጨርቅ አምጥታ ጠቀለለችልኝ።

ከጋራዡ ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት አምጥቼ ሥራ ጀመርኩ። ቀለም ቀቢ ስለሆንኩ መፋቅ እችላለሁ፤ ትዕግሥት ግን አልተፈጠረልኝም። አንድ ሁለቴ ፋቅ ፋቅ አድርጌ እገጥማለሁ፣ ክሩን አጠብቃለሁ፣ እሞክራለሁ፣ እፈታለሁ፣ እንደገና እፍቃለሁ። የእህቴን እጅ ለመገመት ግራ እጄን ከትራስ ስር አድርጌ እተኛበትና ሲደነዝዝ ተነስቼ እሞክር ነበር። እናቴ አንድ ቀን አይታኝ አማተበች።

የመጀመሪያው እሁድ ጊታሯን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ከብዙ ልመና በኋላ ጣቷን ክሩ ላይ አሳርፋ ተጫነችው። ድምፅ የለም፤ ደረቅ ጠቅታ ብቻ። ደሓን ነው፣ ግድ የለም አለች፣ መልሳ ሰጠችኝ። በሳምንቱ ይበልጥ ዝቅ አድርጌ ጠበቅኋት። ድምፁ ወጣ፤ ግን ዝዝ እያለ ነው የወጣው፣ እሷም ግንባሯ ላይ ላብ ነበር። እናቴ ከጓዳ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እህቴ ደሓን፣ ደሓን ብላ ጊታሯን አስቀምጣ ወጣች። እኔ የቀረው ጥቂት መስሎኝ እንደገና ሞረዴን አነሳሁ።

ሰፈር ውስጥ ወሬ ስጠያይቅ ማይ ተመናይ የሚባለው ሰፈር ቀጫጭን የጊታር ክር የሚሸጥ ሰው አለ አሉኝ። ቀጭን ክር ለመጫን ይቀላል። አብራኝ እንድትመጣ ለመንኳት፤ እንዲያው አየር ትቀይራለች ብዬም ነው። አውቶቡስ ላይ ደህና ስታወራኝ ነበር፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዲስ አበባ፣ ብርድ ልብስ መያዝ እንዳለብኝ። ማይ ተመናይ ልንደርስ ስንል ዝም አለች። አንድ ፌርማታ ሲቀረን ተነሳችና አንተ ሂድ፣ እኔ እዚህ እወርዳለሁ አለችኝ። ምን ሆነሽ ሳልላት ወርዳ በመጣንበት መንገድ በእግሯ ተመለሰች። በመስኮት አየኋት፤ አረማመዷ የሚያሳድዱት ሰው አረማመድ ነበር። ከሰው መሃል መቀመጥ ያቃታት መሰለኝ። ክሩን ገዝቼ ተመለስኩ።

ቀኑ እየገሰገሰ ነው። አዲስ ዓመት አለፈ። አብሮ አደጌ በሰው በሰው ትመጣለህ ወይስ አትመጣም እያለ ይልክብኛል። እኔ እንግዲህ አጥንቷን ፍቄ ፍቄ ክሩ የጊታሯን አንገት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ለእኔ እጅ ጊታሯ ከጥቅም ውጭ ሆናለች፤ ትንሽ ጠንከር ካልኩ ስድስቱም ክር በአንድ ላይ ዝዝ ይላል። ግን ሕፃን ልጅ እንኳን በትንሿ ጣቱ ይጫነዋል። ከዚህ በታች መሄጃ የለም።

ያን እሁድ እህቴ ስትመጣ ገና ሳትቀመጥ ጊታሯን ሰጠኋት። ሁሉንም ጣቶቿን አንድ በአንድ ክሮቹ ላይ አሳረፈች። አልተጫነችም፤ አሳረፈቻቸው ብቻ። ከዚያ በቀኝ እጇ ስድስቱንም በአንዴ መታቻቸው። የሚሰቀጥጥ ድምፅ ወጣ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ከፍ አድርገው፣ ሓወይ፣ ወንድሜ» አለችኝ።

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ሞረዱ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበርና አነሳሁት፤ ትንሽ ብቻ ልጨምርልሽ አልኳት።

«ኣይፋልን፣ አይሆንም። ከፍ። እንደ በፊቱም አይደለም፤ ከዚያም በላይ። ከስሩ ንፋስ ይግባ።»

ቆሽቴ አረረ። ክረምቱን ሙሉ ስፍቅ የከረምኩት ለማን ሆነና ነው። የምትቀልጂብኝ ከሆነ ንገሪኝ፣ የማትፈልጊ ከሆነም ንገሪኝ፣ እኔ ትኬት ልቆርጥ ነው፣ በዚህ እጅሽ ከፍ ያለ ክር እንዴት ልትጫኚ ነው ብዬ ጮህኩባት። እጇን መጥቀሴ ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። እሷ ግን አልተቆጣችም። አልጫነውም፣ ማን እጫነዋለሁ አለ፣ አንተ እኮ አልጠየቅኸኝም አለችኝ፣ እርጋታዋ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ንዴቴ በሥራ ነው የሚወጣው። በዚያው ቀን ከተረፈው ቅልጥም ረጅም አጥንት ቆረጥኩ። አንገቷ ጫፍ ላይ፣ ክሮቹ ወደ መቃኛው በሚያልፉበት በኩልም፣ ሌላ ቁራጭ አስገባሁ። ሲገጠም ከክሩ ስር ጣት ይገባል። ለማየትም ያስጠላ ነበር። እንኪ አልኳት።

ጊታሯን እንደ ጊታር አልያዘቻትም። ጭኗ ላይ ቀጥ አድርጋ አቆመቻት፣ አንገቷን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ። መቃኛዎቹን በቀኝ እጇ እያዞረች፣ ክሮቹን አንድ በአንድ እያላላችና እያጠበቀች ቃኘቻቸው፤ የጊታር ቅኝት ጠፋና የክራር ቅኝት መጣ። አምስቱ ድምፅ በአምስቱ ክር፣ ስድስተኛው የመጀመሪያውን በወፍራሙ የሚደግም። ከዚያ የግራ እጇን ጣቶች አንዳንዱን አንዳንዱ ክር ላይ ጣል አደረገቻቸው። ያኔ ገባኝ። ክራር የሚመታ ሰው ክር አይጫንም። ቀኝ እጁ ሁሉንም ይመታል፤ ግራ እጁ የማይፈለጉትን ዝም ያሰኛል። እንዲሰማ የሚፈልገው ክር ላይ ያለውን ጣት ያነሳል፣ ሌላው ላይ መልሶ ያሳርፋል። ለዚህ ጉልበት አያስፈልግም። ማንሳትና ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ የእህቴ ጣቶች ይችሉበታል። ክሩ ዝቅ ሲል ግን ያረፈው ጣት ከብረቱ ጋር ያነካካዋል፣ ጠንከር ብለው ሲመቱትም ይጮሃል። እኔ በፋቅኩ ቁጥር እየዘጋሁባት ነው የከረምኩት።

መታችው። የአሜሪካኑ ጊታር በዚያች ክፍል ውስጥ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጮኸ። እየፈጠነች ሄደች፤ ጣቶቿ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ አንዱም አይዘገይ። እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ቀርታለች። እኔ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አሁንም በደንብ አላውቅም። ደስታም ነበረበት፣ ቅናትም ነበረበት፣ ጊታሯ በቃ ከእኔ መሄዷም ነበረበት።

ስታቆም ስንት ጊዜ ይዤው የቆየሁት ነገር አመለጠኝ።

«ማን አስተማረሽ?»

እጇን ክሮቹ ላይ አሳርፋ ሁሉንም ዝም አሰኘቻቸው። መስኮቱን አየች። ከውጭ የአንዷ ጎረቤታችን ድምፅ ይሰማ ነበር፤ እሁድ እሁድ የልጇን ስም ጣል የምታደርገዋ።

«ሲነገር ትሰማለህ» አለችኝ።

ሌላ አልጠየቅኋትም።

ከመስቀል በፊት በአውቶቡስ ሄድኩ። ማለዳ ልትሸኘኝ ከቃኘው ፈቃድ ጠይቃ መጣች። ከቤት ከመውጣታችን በፊት ጊታሯን አንስቼ አንዴ ልጫወትባት ሞከርኩ። መልሳ በጊታር ቅኝት ቃኘችልኝ፣ ላንተ ስንብት ብላ። ከፍታው ጣቴን ሊቆርጠኝ ደረሰ፤ ሁለት መስመር እንኳን አልጨረስኩም። እህቴ በሳቅ ፈረሰች፤ ከተመለሰች ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። የክሩ ምልክት ጣቴ ላይ ቆየ፤ የአባቴ አገር ደሴ ስደርስም እየዳበስኩት ነበር። ኪሴ ውስጥ ያቺ ዝቅ ያለችው አጥንት ነበረች። ለምን እንደያዝኳት አላውቅም፤ ክረምት ሙሉ ሞርጃት መጣል አልሆነልኝም።

አዲስ አበባ እንደምንም ብዬ የሰው ጊታር ተከራየሁ፣ ኋላም የራሴን ገዛሁ። አጥንቷን ገጠምኩባት። ክሩ ዝዝ ይላል፤ የባንዱ ልጆች ጊታርህ ውስጥ ንብ ገባ እንዴ እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ቀስ ብሎ መምታት ተማርኩባት። እኔ ቀስ ማለት የተማርኩት እንዲህ ነው።

ከዚያ ብዙ ቆይቶ የተሰዉት ስም በይፋ ተነገረ። ወሬውን እዚያው አዲስ አበባ ሰማሁ፣ እናቴን ግን ወዲያው ማግኘት አልቻልኩም። ስልክ የምናወራው ሰፈር ካለው ሱቅ ነበር፤ ሱቁ ደግሞ ለቀናት ተዘግቶ ከረመ። በመጨረሻ አገኘኋት። ዓባ ሻውል ውስጥ ድንኳን ያልተተከለበት መንገድ የለም አለችኝ። እሁድ እሁድ ይመጡ የነበሩትን እናቶች አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ የዚህችኛዋ ልጅ፣ የዚያችኛዋ ሁለቱም። እህቴ ከአንዱ ለቅሶ ቤት ወደ ሌላው ስትሄድ ሰነበተች አለች።

እህቴ አጠገቧ እንዳለች ጠየቅኋት። የለችም፣ ማይ ተመናይ ሄዳለች አለችኝ። እዚያ አንዲት ሴት አለች፣ ልጇ ሜዳ ላይ ክራር ይመታ ነበር። እህቴ እጇን ተመትታ ሕክምና ላይ በነበረችበት ጊዜ አጠገቧ ተኝቶ የነበረ ልጅ ነው፤ ያስተማራት እሱ ነው። እህቴ ለቅሶ ልትደርስ ሄዳ ይህን ነገረቻት። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ሴትዮዋ ሰው ልካ አስጠራቻት፤ እንዴት ይመታ እንደነበር አሰሚኝ ብላ። ዛሬ ጠዋት ጊታሯን ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች አለችኝ እናቴ።

ክሩን ዝቅ አላደረገችውም ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ኣይፋልን ወደይ፣ ልጄ» አለችኝ። «እንደተውከው ነው።»